የአራስ ጠያቂዋ እጅ

ፔንደልቶግ የሚሉት የስቶክሆልም ዳርቻ ባቡር ወይዘሮ ፋንታዬን ዮርድብሩ ጣቢያ አውርዶ ከሄደ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። እሳቸው ግን ከመድረኩ አግዳሚ ወንበር አልተነሡም። ዘመኑ አዲሱን ሚሊኒየም የተቀበልንበት ዓመት፣ ቀኑም ኅዳር ሚካኤል በዋለ በአራተኛው ነበር። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቢሆንም ፀሐይ ከጥዶቹ ጀርባ ወርዳለች፤ ከመንደሩ ወዲያ ያለውን የጥንት አረማውያን መቃብር ጭጋግ ውጦታል። ባቡር በመጣ ቁጥር ጥቂት ሰው ይወርዳል፣ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ ወደየቤቱ ይሄዳል፣ መድረኩም እንደገና ባዶ ይሆናል።

የልጃቸው የኢየሩስ ቤት ከጣቢያው የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው። ኢየሩስ ሐሙስ ዕለት ወልዳለች። ለእሷ የመጀመሪያ ልጇ፣ ለወይዘሮ ፋንታዬም የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ሆኖም እስካሁን ፊቱን አላዩትም። ቅዳሜ ከሚኖሩበት ከቬሊንግቢ ተነሥተው ከመንገድ ተመለሱ። እሑድም እንዲሁ። ዛሬ እስከ ጣቢያው ደርሰዋል፤ ከዚያ ግን አላለፉም።

«እማማ ፋንታዬ! እርስዎ ነዎት? እዚህ ብርድ ላይ ምን ይሠራሉ?»

ቀና ሲሉ ከባቡር የወረደች ወጣት ፊታቸው ቆማለች። ሄርሜላ ናት። አዲስ አበባ ነርስነት ተምራ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ስቶክሆልም ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ዮርድብሩ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ከወይዘሮ ፋንታዬ ጋር የሚተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን ነው። ልትስማቸው ጎንበስ ስትል እጃቸውን ዘርግተው አገዷት።

«አትጠጊኝ ልጄ። ሂጂ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ጉንፋን ይዞዎት ነው?»

«ጉንፋንማ ምን አለበት! ማር በሎሚ ጠጥቼ እገላገለው ነበር።»

ሄርሜላ አልሄደችም። ከወንበሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ከከተማ ጀምሮ ቆሜ ነው የመጣሁት፤ እግሬ ሊቆረጥ ነው። ወንበሩ የመንግሥት ስለሆነ ሊከለክሉኝ አይችሉም።»

አሮጊቷ ፈገግ ሊሉ ከጀሉና ተዉት። ከዚያ ወይዘሮ ፋንታዬ፣ ሰው እንዳይሰማ እንደሚፈራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዓይነ ጥላ ይከተለኛል» አሉ። «እኔ ከገባሁበት ቤት አብሮ ይገባል። እኔ እወጣለሁ፤ እሱ ይቀራል።»

ነገሩን በቅደም ተከተል መናገር ይሻላል። ወይዘሮ ፋንታዬ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ተሰድደው የመጡ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሆስፒታል ጽዳት ሠርተው በጡረታ የተገለሉ፣ የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት ናቸው። በስቶክሆልም ሐበሻ ዘንድ የሚታወቁት ግን በአራስ ጠያቂነታቸው ነው። እናቷ ከእሷ የራቀች አራስ ሁሉ እሳቸውን ትጠራለች። ይሄዳሉ፤ ሆዷንና ወገቧን በለጋ ቅቤ ያሻሉ፤ የሕፃኑን ከንፈር በጣታቸው ቅቤ ያስልሳሉ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው መርቀው ይመለሳሉ።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሜርስታ የምትኖረው አዜብ ወለደች። ሄደው አሹ፣ መረቁ። በሦስተኛው ቀን አዜብን ብርድ ብርድ አላት፤ ትኩሳቷ አርባ ገብቶ በአምቡላንስ ተወሰደች። መስከረም ላይ ቬሊንግቢ ጎረቤታቸው የሆነችው ደሚቱ ወለደች። ሄደው አሹ፣ መረቁ። በሦስተኛው ቀን ያው ትኩሳት። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ልደታ ወለደች። በሦስተኛው ቀን እናትም ልጅም ታመሙ፤ ጨቅላዋ አሥራ አንድ ቀን በመስታወት ሣጥን ውስጥ በቱቦ ተነፈሰች። ሦስቱም ሴቶች፣ ሕፃኗም፣ በመድኃኒት ድነዋል። ነገር ግን ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ሆስፒታሎች ስለታከሙ አንዱን ሕመም ከሌላው ጋር ያስተያየ ሐኪም አልነበረም። ያስተያዩት ወሬውን የሰሙ ሐበሻ ሴቶች ናቸው። ወይዘሮ ፋንታዬ ልደታን ሊጠይቁ ሲመለሱ ባሏ ንጋቱ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ተኝታለች እማማ፣ ሌላ ጊዜ» አላቸው። ወደ መንገድ ወጥተው ቀና ሲሉ ግን ልደታ በመስኮት ቆማ ስታያቸው ነበር። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ መጋረጃውን ሳበችው።

«ያኔ ነው ያወቅሁት» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። «ድሮ እግሯ እርጥብ ነው ይሉኝ ነበር። አሁን ስገባ ሕፃን ይደብቁብኛል። እኔም ፈራሁ። ቤቴ ብቻዬን ስቀመጥ የሆነ ነገር ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል፤ ስዞር የለም። ጠበል ተጠመቅሁ፤ አልለቀቀኝም።»

«ታዲያ ዛሬ ወዴት እየሄዱ ነው?»

«ኢየሩስ ጋ ነዋ! አዲስ አበባ ያለች ባልንጀራዬ ከበደች በስልክ መከረችኝ። ‹እጅሽ በገዛ ደምሽ ላይ ሲያርፍ ጥላው አፍሮ ይለቅሻል፤ ልጅሽንም ልጇንም ራስሽ እሻቸው› አለችኝ። ቅቤውን ይዣለሁ።» ቦርሳቸውን ዳሰሱ። «አንዳንዴ እውነቷን ነው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ... ባይለቀኝስ? ይኸው ቁጭ ብያለሁ።»

ሄርሜላ ወደ ቦርሳው አየች። አራስ እናትና የአራት ቀን ጨቅላ ከዚያ እጅ የሰባት ደቂቃ መንገድ ብቻ ርቀው ተኝተዋል። ነገር ግን ብትጮህባቸው አሮጊቷ ተቀይመው ተነሥተው እንደሚሄዱ ገባት። ስለዚህ ድምፅዋን አለሳለሰች።

«አንድ ታሪክ ልንገርዎት፤ ከዚያ እንደፈቀዱ ያደርጋሉ።»

«ተረት ነው?»

«የሆነ ነገር ነው። ለትምህርቴ የማነበው የአሜሪካንን ሕክምና ታሪክ ነው፤ የአሥራ ዘጠነኛውን መቶ ዓመት።»

«ስዊድን ድረስ መጥተሽ የሞቱ አሜሪካኖች ታነቢያለሽ? እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም፤ እንዳይነግሩብኝ።»

«በይ እሺ፣ ንገሪኝ። ብርዱ እንደሆነ አንዴ ገብቶብኛል።»

«ፊላዴልፊያ በምትባል ከተማ አንድ የተከበረ ሐኪም ነበረ። ሥራው ማዋለድ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ እሱ ያዋለዳቸው ሴቶች በአራስ ትኩሳት ይወድቁ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ በመጨረሻ አርባ ምናምን። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰፈር ሌሎች ሐኪሞች ያዋለዷቸው ደኅና ናቸው። እሱ የገባበት ቤት ብቻ ነው ትኩሳቱ የሚገባው።»

ወይዘሮ ፋንታዬ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሰውየው ፈራ። ሥራውን ትቶ ከከተማው ወጣ፤ ቀናት ቆይቶ ተመለሰ። አንዲት ሴት ለማዋለድ ሲጠራ ገላውን በሙቅ ውኃ ታጠበ። ጠጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። ከዚያ በፊት ማንም ያልለበሰው አዲስ ልብስ፣ አዲስ ባርኔጣ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ጓንት አደረገ። ሰዓቱን ቤቱ ተወ። እርሳሱን እንኳ አዲስ ገዛ። እንዲህ ሆኖ ሄደ። ሴትየዋ በሰላም ተገላገለች።»

«እሰይ!»

«በማግሥቱ ትኩሳቱ ያዛት።»

በዚህ መካከል የማይቆም ባቡር መድረኩን እያንቀጠቀጠ አለፈ። መስኮቶቹ የብርሃን ሰንሰለት መስለው በፊታቸው ተግተለተሉና ጠፉ። ወይዘሮ ፋንታዬ ሦስት ጊዜ አማተቡ።

«ይኸው!» አሉ። «ዓይነ ጥላ ነዋ! ጠጉሩን ቢላጭ፣ ልብሱን ቢለውጥ ምን ይጠቅመዋል? ፈረንጅንም ይይዘዋል ማለት ነው። አይ ልጄ፣ ልታጽናኚኝ መስሎኝ ነበር፤ ጨርሰሽ አጠፋሽኝ።»

እውነት ለመናገር፣ የፍርሃት ጠባይ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ ልብ ውስጥ ጎጆ ከቀለሰ፣ ሊያፈርሰው የመጣውን ምስክር ሁሉ ምሰሶ ያደርገዋል። ሄርሜላ ግን ታሪኳን ገና አልጨረሰችም።

«እዚያም ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ነው ያሰበው። ገሚሱ የእግዜር ቁጣ ነው አለ፤ ገሚሱ ክፉ አየር ነው አለ።»

«አየር ነው ያለው አልተሳሳተም። እኛስ ቆሻሻውን አቃጥለን ከተማውን የምናጥነው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ ያ የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀው ወዲህ አይደለም?»

«ነው። ቆሻሻ ማቃጠሉም መልካም ነው። ግን አየር ቢሆን ኖሮ እማማ፣ አየሩ የአንድን ሐኪም ሴቶች መርጦ የሌላውን ይተው ነበር?»

አሮጊቷ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

«በ1843 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ቦስተን ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ይህንን ጠየቀ። አጉሊ መነጽር ይዞ ትል አልፈለገም፤ በሽታ የሚያመጣውን፣ በዓይን የማይታየውን ተሕዋስ ገና ማንም አላረጋገጠም። ያደረገው ነገር ቢኖር መቁጠር ነው። የትኛዋ ሴት ታመመች? ማን አዋለዳት? ያ ሰው ከዚያ በፊት ከየት መጣ? ማንን ነክቶ ነበር? ከየሐኪሙ መዝገብ፣ ከየደብዳቤው ሰበሰበና ጎን ለጎን አስቀመጠው። ከዚያ ተነሥቶ ለባልንጀሮቹ ለሐኪሞቹ፣ ‹በሽታውን ከአልጋ ወደ አልጋ የምናዞረው እኛው ነን› አላቸው። ‹አንድ አራስ የታመመችበት ሐኪም ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ፣ ለጊዜው ከማዋለድ ይቆጠብ› አለ።»

«ጎሽ። ታዲያ ሰሙት?»

«ተቆጡት። ፊላዴልፊያ ውስጥ አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ነበሩ። ‹ሐኪም ጨዋ ሰው ነው፤ የጨዋ ሰው እጅ ደግሞ ንጹሕ ነው› አሉ። ሞቱን በማላውቀው ተላላፊ ነገር ከማሳብብ በእግዜር ሥራ ባሳብብ እመርጣለሁም ብለዋል።»

«ልክ ናቸዋ!» ወይዘሮ ፋንታዬ ድንገት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። «ስሚ አንቺ ልጅ። ዙረሽ ዙረሽ እጅሽ ቆሻሻ ነው ልትዪኝ ነው? እኔን? አሥራ ስምንት ዓመት የሆስፒታል ወለል እንደ መስታወት ሳበራ የኖርኩትን? እጄን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታጠብ ታውቂያለሽ? አንቺ በተወለድሽበት ዓመት እኔ አራስ አሽ ነበር!»

«አውቃለሁ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእኔን እናት ቢያሹልኝ ደስ ይለኛል፤ ጨዋነትዎን አልጠየቅሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎት። ከነሐሴ ወዲህ የጠየቋቸው አራሶች አዜብ፣ ደሚቱና ልደታ ብቻ ናቸው?»

«ሦስቱ... አይ፣ አክበረትም አለች። ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ ከደሚቱ በኋላ ከልደታ በፊት።»

«አክበረትስ ታመመች?»

«እሷማ ደኅና ናት። ሕፃኑም እንደ ጥጃ ነው የሚጠባው።»

«ቤቷ ገብተዋል?»

«ግማሽ ቀን ነው የዋልኩት። ገንፎ አገንፍቼላታለሁ።»

«አሽተዋታል?»

«የለም። በቀዶ ጥገና ነው የወለደች፤ ስፌት አለብኝ አትንኩኝ አለች። ሕፃኑንም ባሏ ታቅፎት ነው የዋለው፤ ፈረንጅ ሆኗል፣ ለሰው አይሰጥም።»

ሄርሜላ ቀስ ብላ፣ «እንግዲያ ያ ዓይነ ጥላ» አለች፣ «ያን ቀን ቤት ነው የዋለው?»

ወይዘሮ ፋንታዬ ሦስት ወር ሙሉ ያልጠየቁትን አሁን ራሳቸውን ይጠይቁ ጀመር። አብሯቸው የሚገባ፣ እሳቸው ሲወጡ የሚቀር ነገር ካለ፣ አክበረት ቤት ግማሽ ቀን ሙሉ ምን ሲሠራ ዋለ?

ያን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ። ኢየሩስ ናት። ስዊድን ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው።

«ማማ፣ ቫር ኤር ዱ?» ድምፅዋ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው። የት ነሽ ማለቷ ነው።

«መጣሁ የኔ ልጅ። ቅርብ ነኝ። ደኅና ነሽ? ትኩሳት የለሽም?»

የለኝም አለች፤ ሕፃኑ ተኝቷል አለች፤ ደግሞም እኔን ልታዪኝ ስላልፈለግሽ ነው ወይ የቀረሽው አለች። ወይዘሮ ፋንታዬ ስልኩን ዘግተው እንደ ያዙት ቀሩ።

«እንዲህ አሰበች» አሉ። «እናቴ አትፈልገኝም ብላ አሰበች።»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። አሮጊቷ ከእንግዲህ የሚከራከሩት ለክብራቸው አልነበረም፤ የሚጨብጡትን አጥተው ነው።

«ሐኪምንስ ለምን አምናለሁ?» አሉ። «ራስሽ ነሽ አርባ ሴት አሳመመ ያልሽኝ።»

«ከዚያም የባሰ አለ። በዚያው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የአሜሪካ ሐኪም ትኩሳት የያዘውን ሰው ደሙን ያፈስሰው ነበር፤ እስኪዝለፈለፍ ድረስ። ሜርኩሪ የሚባል መርዝ ያለበት መድኃኒት ያጠጣው ነበር፤ ድዱ አብጦ ጥርሱ እስኪረግፍ። ብዙው ሐኪም ጥቂት ወር ትምህርት ሰምቶ፣ አንድም በሽተኛ በቅጡ ሳይነካ ዲፕሎማ ይቀበላል። በኋላ በ1846 ሰውን በሚሸተት መድኃኒት አደንዝዞ ያለ ሕመም መቅደድ ቦስተን ላይ በአደባባይ ታየ። ሕዝቡ እልል አለ። ሐኪሞቹም ጨክነው በጥልቀት መቅደድ ጀመሩ፤ ደም በደረቀበት ካፖርት፣ ባልታጠበ እጅ። በሽተኛው ቀዶው ሳያመው ይነቃል፤ በሳምንቱ በመግል ይሞታል።»

«ኧረ በስመ አብ!»

«በ1881 የአገሪቱ ፕሬዝዳንት ተተኮሰባቸው። ጥይቱ ወዲያው አልገደላቸውም። ሐኪሞቻቸው ጥይቱን ፍለጋ ባልታጠበ ጣታቸው ቁስሉን ደጋግመው ጎረጎሩት። ሰማንያ ቀን ያህል ማቅቀው ሞቱ። ዙሪያቸውን የከበቡት እኮ ጠላቶች አይደሉም፤ ሊያድኗቸው የሚለፉ፣ የተማሩ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ ነው እጅ መታጠብ፣ መሣሪያ መቀቀል፣ ጓንት ማጥለቅ ሕግ የሆነው። እማማ፣ ሐኪሞችን ይመኑ የምልዎት ድሮም ስላልተሳሳቱ አይደለም። ስሕተታቸውን ቆጥረው፣ ጽፈው፣ ‹እኛ ነን› ያሉ ከመካከላቸው ስለተገኙ ነው። እዚህ ልደታን ያዳናት መድኃኒት የመጣው ከዚያ ኑዛዜ ነው።»

ጭጋጉ ሐዲዱ ላይ ወርዶ የመድረኩን ጫፍ ሸፍኖታል።

«ያ የተላጨው ሰውዬ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። «ሁሉን ለውጦ ሄዶ ምን ነበረበት?»

«በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ኋላ የመጡ ሰዎች ሲገምቱ፣ አፍንጫው ውስጥ የማይድን የቆየ ቁስል ነበረበት ይላሉ። ልብሱን ለወጠ፤ ያንን ግን ይዞት ሄደ። ሳያስበው አፍንጫውን ይነካል፤ በዚያው እጁ ሴትየዋን ይነካል።»

አሮጊቷ በዝግታ የቀኝ እጃቸውን የሱፍ ጓንት አወለቁ። በቀለበት ጣታቸው ላይ ያለችውን ሰፋ ያለች የብር ቀለበት አሽከረከሩ። አልወጣ አለች፤ በምራቃቸው አርጥበው ሳቧት። ከቀለበቷ ሥር ያለው ቆዳ ቀልቶ፣ ጠርዙ ቅርፊት ይዞ፣ መሃሉ እርጥብ ነበር። መጠኑ ከምስር ፍሬ አይበልጥም።

«ሐምሌ ላይ ዓሣ ስገፍፍ ቢላዋ ነካኝ» አሉ። «ይድናል፣ ደግሞ ይከፈታል። አያመኝም። ቅቤ እቀባዋለሁ።»

«ከዚያው ከአራሶቹ ቅቤ?»

«ሌላ ምን ቅቤ አለኝ?»

ከመብራቱ በታች ያችን ጣት ሁለቱም አዩዋት። ወይዘሮ ፋንታዬ እጃቸውን ከሰውነታቸው አራቅ አድርገው ያዙት፤ የሌላ ሰው እጅ ጭናቸው ላይ ተረስቶ የቀረ መሰላቸው። ሦስት ወር ከኋላቸው እየዞሩ የፈለጉት ነገር ከፊታቸው ነበር። በዚያ ጣት ስንት ከንፈር አስልሰዋል!

«እንግዲያ እኔ ነኝ» አሉ።

«ምርመራ ሳይደረግ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ነገ ጤና ጣቢያው፣ ቮርድሴንትራል ሄደን ከቁስሉም ከጉሮሮዎም ናሙና ይወሰድ።»

«ተይ ልጄ፣ አታባብዪኝ። እኔ ነኝ።» እንባቸው ወረደ። «ጥላው ይሻለኝ ነበር። ጥላ ቢሆን እኔም አብሬ የተጠቃሁ ነኝ። ይሄኛው ግን የእኔ ነው።»

ሰው ለምን ከእውነተኛ ምክንያት ይልቅ መንፈስን እንደሚመርጥ ከዚህ በተሻለ የተናገረ የለም። መንፈስ ያስፈራል እንጂ አይወቅስም። ነገር ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ መንፈስ ያልነውን ነገር ልናጥበው፣ ልናክመው፣ ልናስቆመው አንችልም። ሄርሜላም ይህንኑ በራሷ ቃል ነገረቻቸው።

«ጥላ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልክዎን ይከተልዎት ነበር። ይሄ ግን በአሥር ቀን መድኃኒት ይለቅዎታል። የልጅ ልጅዎን ያቅፉታል። ዛሬ ግን አይንኩት።»

«ዛሬ አልነካም።» አፍንጫቸውን ጠርገው ተነሡ። «ግን እሄዳለሁ። ልጄ እናቴ አትፈልገኝም ብላ ማደር የለባትም። አንቺም ነይ፤ እጄ ልሂድ ካለ ያዢልኝ።»

ሄዱ። ወይዘሮ ፋንታዬ ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አስቀርበው፣ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው፣ የልጅ ልጃቸውን ከሩቅ ሲያዩ አመሹ። ለምን እንደማይቀርቡ ለልጃቸው ራሳቸው ነገሯት። ኢየሩስ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ አለቀሰች፤ ከዚያ አልጋዋ ላይ ሆና ሕፃኑን ወደ እናቷ አዙራ ደግፋ ያዘችላቸው።

ናሙናው በሦስት ቀን ተመለሰ። የአራስ ትኩሳት የሚያመጣው ተሕዋስ ከጣታቸው ተገኘ። መድኃኒቱን ጨርሰው እንደገና ሲመረመሩ ንጹሕ ሆኑ፤ ቁስሉም ጠገገ። በታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ሕፃኑን አቀፉት። ኢየሩስን ትኩሳት የሚባል ነገር አልጎበኛትም።

የዚህ ለውጥ ጥቅም ቢነገር ረጅም ነው። ወይዘሮ ፋንታዬ ዛሬም አራስ ይጠይቃሉ፤ ቀለበት ግን አያደርጉም፤ ጣቱ የቆሰለ፣ ጉሮሮው የሚከረክረው ጠያቂ በስልክ ይመርቃል እንጂ ደጃፍ አይረግጥም። የሕፃን ከንፈር ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይቀምስም። ማሸት የፈለገች እናት የራሷን አዲስ ቅባት ታዘጋጃለች። በደብተራቸውም የወለደችውን ሴት ስም፣ ማን እንደነካት፣ በየዕለቱ እንዴት እንደዋለች ይጽፋሉ። እስከ ፋሲካ ድረስ ስድስት ሴቶች ተጽፈዋል፤ ስድስቱም ደኅና ናቸው። ልማዱ አልሞተም፤ ከልማዱ ውስጥ የሚገድለው ወጣ እንጂ።

አንድ ነገር ግን ያኔ በታኅሣሥ ከሁሉ ይከብዳቸው ነበር። ሦስቱ ሴቶች እውነቱን ገና አያውቁም ነበር። ሄርሜላ፣ «ግድ የለም፣ ድነዋል እኮ» ብትላቸው፣ «ያ የቦስተኑ ልጅ ተናግሮ የለ እንዴ?» አሏት። ከታኅሣሥ ገብርኤል በፊት ባለው ቅዳሜ ሜርስታ ሄደው አዜብ ፊት ቆሙ፤ ተቀመጡ ብትላቸውም እንደቆሙ ሁሉንም ነገሯት፤ ቁስሉን፣ ቅቤውን፣ ናሙናውን።

አዜብ፣ «ልጄን እናት አልባ ሊያደርጉት ነበር» አለች።

«አዎ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

አዜብ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ንዴት ግን አልነበረበትም።

«አማቴ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ?» አለች። «ሆስፒታል በወለድሽ ማግሥት ሻወር ስለገባሽ ነው፤ በገዛ እጅሽ ብርድ አስመታሽ፤ ልጁን ልትጥዪው ነበር አለችኝ። እኔም አመንኳት። ይኸው አራት ወር በየቀኑ ራሴን ስረግም ነው የኖርኩት። ሁለተኛ አልወልድም ብዬ ለባሌ ምዬለት ነበር።» ወደ እሳቸው ቀና አለች። «እኔ አልነበርኩም ማለት ነው?»

«አንቺ አልነበርሽም የኔ ልጅ። አንቺ ታጠብሽ። ደግ አደረግሽ።»

አዜብ ስልኳን ከጠረጴዛው አነሣች፣ ቁጥሩን ደወለች፣ ለወይዘሮ ፋንታዬ ዘረጋችላቸው። «ለእሷም ይንገሩልኝ» አለች። «አሁኑኑ።»

ወይዘሮ ፋንታዬ ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከወዲያ በኩል የአንዲት አሮጊት ድምፅ ሃሎ ሲል ተሰማ።

«እኔ ፋንታዬ ነኝ፤ የቬሊንግቢዋ» አሉ። «ስለ ምራትሽ የምነግርሽ ነገር አለኝ። ደግሞም ሳልጨርስ እንዳትዘጊብኝ።»